«መድኃኒት» የምንለው መርዝ፦ የጓሯችን ታሪክ

ገበያ ዳር ካሉት የግብርና ዕቃ መሸጫዎች አንዱ በር ላይ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ይሰማል። «የጎመን መድኃኒት አለ?» «ለቲማቲም የሚሆን መድኃኒት ስጪኝ።» ሻጯም «የትል ነው የክሽክሽ?» ብላ እንደ ፋርማሲስት ትጠይቃለች። በመንግሥት ሰነድ ላይ የዕቃው ስም «ፀረ ተባይ» ነው። ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ተስሎበታል። በአፋችን ግን ለራስ ምታት የምንውጠውና ጎመን ላይ የምንረጨው ነገር አንድ ስም ተጋርተዋል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም አንድ የሒሳብ መደብ ነው። ለመጪው ዓመት የጓሮ አትክልት ፕሮጀክታችን በተዘጋጀው ረቂቅ በጀት ውስጥ «የአትክልት መድኃኒትና መርጫ መግዣ» የሚል መስመር አለ። በጠቅላላ ጉባኤያችን ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ ነው። የሒሳብ ትምህርት ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ወጪን በትክክለኛ ስሙ መመዝገብ ስለሆነ፣ «ይህ ስም ከየት መጣ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መልሱ ከጠበቅሁት በላይ ረጅም ሆኖ አገኘሁት። (እ.ኤ.አ. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ጠርሙሱ ከመምጣቱ በፊትም ጓሮ ነበር፤ ጓሮ ባለበት ሁሉ ደግሞ ተባይ አይጠፋም። አያቶቻችን ያለ ምንም ሱቅ ይታገሉት ነበር። ዋናው መሣሪያቸው ከምድጃ የሚወጣ ዐመድ ነው። ጎመኑ ላይ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ዐመድ ይነሰነስበታል። ይህን ብዙዎቻችን በልጅነታችን አይተናል፣ ሠርተነዋልም፤ ለምን እንደሚሠራ ግን የነገረን አልነበረም። የነፍሳት ገላ ውስጡ ያለው እርጥበት እንዳይተን በስስ የሰም ሽፋን የተለበጠ ነው። ደቃቅ ዐመድ ያን ሽፋን ይፍቀዋል፤ ተባዩም ደርቆ ይሞታል። ዝናብ ከመጣ ግን ዐመዱ ይታጠባል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ጎተራ ውስጥ የሚደረገው ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። ባቄላ ወይም ማሽላ ሲከተት ጤፍ የሚደባለቅበት አካባቢ አለ። ጤፉ በትልልቁ ፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዙ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል። ጤፍ ራሱ ለነቀዝ መኖሪያ ለመሆን በጣም ትንሽ ነው። ለመብላት ሲፈለግ በወንፊት መለየት ብቻ ነው። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ፣ ከሁለት እህል አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። እኔ በሥራዬ ብዙ የወጪ ቅነሳ ዕቅድ አይቻለሁ፤ የዚህን ያህል ያማረ አላየሁም።

ጓሮው ራሱም አተካከሉ ተባይ የሚያደናግር ነበር። ጎመኑ ከበቆሎው ሥር፣ ዱባው ከአጥሩ ላይ፣ ጤና አዳሙና በሶብላው ከደጃፉ፣ ጌሾው ከጥጉ። የሚበላውን ተክል በሽታ ፈልጎ የሚመጣ ነፍሳት እንዲህ በተደባለቀ ቦታ ውስጥ እንደ ልቡ አያገኘውም። ቢያገኘውም ቀጥሎ ያለው ተክል የሚስማማው አይደለም። የሐበሻ ጎመን እዚሁ አገራችን የተገኘ ተክል ስለሆነ ከአገሩ ነፍሳት ጋር አብሮ መኖርን ለምዷል። ብርብራም አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ ያደነዝዛል፤ በጣና ዙሪያ ዓሣ አጥማጆች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሮቴኖን የሚባል መርዝ በውስጡ እንዳለ የኬሚስትሪ ሰዎች ያረጋገጡት ኋላ ነው። ይኸው ሮቴኖን ከሌሎች አገሮች ዕፅዋት እየተወሰደ በአውሮፓና በአሜሪካ ለአትክልት ተባይ ማጥፊያ ሲሸጥ ኖሯል።

ይህን ስል የድሮው ጓሮ ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። እንዲህ እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፣ አልስማማም። ከ1880 እስከ 1884 ባለው በክፉ ቀን ዘመን ከብቱን በሽታ ሲጨርሰው፣ የተረፈውን ሰብል ደግሞ አንበጣና ተምች በላው። ዐመድ የሚያድነው የጎመን መደብን እንጂ አገርን አልነበረም። በ1950 የመጣው የአንበጣ መንጋ ደግሞ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተመዝግቧል፤ ይህም ለ1 ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ይሆን ነበር ተብሎ ይገመታል። ሰማዩ በአንበጣ ሲጠቁር ቆርቆሮ እየደበደበች የምትጮኽ እናት ከሰማይ በአውሮፕላን የሚረጭ ነገር ሲመጣላት «መድኃኒት» ብትለው እኔ አልፈርድባትም። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣን በጋራ የሚከላከል ድርጅት ለማቋቋም የተስማሙትም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው።

ስሙ ከሁሉ በላይ የተጣበቀው ግን በዲዲቲ ነው ብዬ አምናለሁ። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1939 ያወቀው ፓውል ሙለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ የተሰጠውም በሕክምና ዘርፍ ነበር። ስለዚህ «መድኃኒት» ያለው የእኛ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ዓለምም እንደዚያው ብሎ ሸልሞታል። ምክንያትም ነበረው። ዲዲቲ ወባና ተስቦ አስተላላፊዎቹን ትንኝና ቅማል ገድሎ ብዙ ሕይወት አትርፏል።

ወደ አገራችንም የገባው በዚሁ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የወባ ማጥፊያ ፕሮግራም ሲጀመር፣ የወባ ሠራተኞች መርጫቸውን ተሸክመው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። የእኔም አያት ቀኑን ታስታውሰው ነበር። እንስራው፣ ሞሰቡ፣ አልጋው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዱቄቱ ይሸፈናል፤ ሕፃናት ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ ይረጫል። ትንኙ ብቻ ሳይሆን ትኋኑና ቁንጫውም ለጊዜው ያልቃል። «እንቅልፍ ያየነው ያን ጊዜ ነው» ትል ነበር። ጤና ጥበቃ የላከው፣ በነፃ የተሰጠ፣ ሌሊት የሚያስተኛ ነገር ከመድኃኒት በቀር ምን ሊባል ይችላል?

ችግሩ የጀመረው ነገሩ ከግድግዳው ወርዶ ወደ ጓዳና ወደ ጓሮ ሲገባ ነው። ለግድግዳ የመጣው ዱቄት በስኒ እየተለካ ወደ ጎተራ ገባ፤ በጫት ላይ ተረጨ፤ ጎመን ላይ ተነሰነሰ። «ግድግዳዬን ያዳነልኝ ጎመኔን ለምን አያድንልኝም?» የሚለው አስተሳሰብ ለሰሚው ትክክል ነው። መልሱን ማንም አልነገራቸውም። መልሱም ይህ ነው፦ ዲዲቲ ቶሎ አይበሰብስም፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከምግብ ጋር ሲገባም ከገላ ስብ ውስጥ ይከማቻል። በጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኝቷል። ይህን ሳነብ መጽሔቱን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኛ ሴቶች ባላዘዝነው፣ በማናውቀው ነገር ሌላ ሰው ላይ ተሻጋሪ ዕዳ ሆነናል።

የሚገርመው ደግሞ ጎመን የዚህ ታሪክ ምስክር መሆኑ ነው። ጎመንን ቀዳዳ በቀዳዳ የምታደርግ ትንሽ አረንጓዴ ትል አለች፤ ስትነካ እየተፈራገጠች በክር ትንጠለጠላለች። ስታድግ ክንፏን ስታጥፍ ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ቅርፅ የሚታይባት የእሳት እራት ትሆናለች። ሁላችሁም አይታችኋት ይሆናል። ዲዲቲን መቋቋም እንደቻለ ከተመዘገበው የሰብል ተባይ የመጀመሪያው ይቺ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት። የተረጨው ደካሞቹን ይገድላል፤ ከሚተርፉት ብርቱዎች የሚወለዱት ደግሞ ይለምዱታል። ከዚያ በኋላ ዓለም ያመረታቸውን አብዛኞቹን የመርዝ ዓይነቶች በየተራ ለምዳለች። ስለዚህ «መድኃኒቱ ውሃ ሆኗል፣ ሻጮቹ ያጭበረብራሉ» ብለን የምናማርረው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ዕቃው ደህና ነው፤ ትሏ ናት የቀደመችን።

አሜሪካዊቷ ራቸል ካርሰን ስለ ዲዲቲ ጉዳት የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመ። አገሯ ከ10 ዓመት በኋላ በእርሻ ላይ መጠቀምን ከለከለች። በዓለም ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የስቶክሆልም ስምምነት ተፈረመ፤ በስምምነቱ መሠረት ዲዲቲ ለወባና ለመሰል በሽታ አስተላላፊዎች መከላከያ ካልሆነ በቀር አይፈቀድም። አገራችንም ስምምነቱን ተቀብላለች። ጎመንና ጫት ግን በስምምነት አይገዙም፤ የወባው ዲዲቲ አዳሚ ቱሉ ባለው ፋብሪካ ይዘጋጅ ስለነበር ከመጋዘን እያመለጠ ገበያ መድረሱ ለረጅም ጊዜ አልቆመም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ለባለጓሮዋ ሴት ምክር የሚሰጣት ማን ነበር? የአምቦና የአለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ በ1958 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። መልካሳ ላይ ስለ አትክልት ብዙ ጠቃሚ ምርምር ተካሂዷል። ምክሩ ግን በኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ሲወርድ የሚደርሰው «የቤቱ አባወራ» ዘንድ ነው፤ የሚወርደውም ስለ ስንዴ፣ ስለ ቡና፣ ስለ በቆሎ ነው። ለሴቶች የተመደቡት «የኑሮ በዘዴ» ባለሙያዎች ስለ ሕፃን አመጋገብ፣ ስለ ስፌት፣ ስለ ምድጃ አስተማሩ። ደህና አደረጉ። ተባይ ግን «ሰብል ጥበቃ» የሚባል የወንዶች ክፍል ነበር፤ ጓሮ ደግሞ ሰብል አይባልም። ጓሮው ከሁለቱም መሥሪያ ቤቶች መካከል ወድቆ ቀረ። በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻዎች፣ በተለይ በአዋሽ የጥጥ እርሻዎች፣ በብዛት የተረጨው መርዝ ከመጋዘን እየተረፈ ወደ መንደር ሲመጣ፣ እንዴት እንደሚያዝ የሚነግር ሰው አብሮት አልመጣም። ባዶው በርሜል ግን መጥቷል፤ ውሃ ተቀዳበት።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የአባላችን ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ሄደ። በሽታውን የሚያስተላልፈው በወንዝ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። አክሊሉ ወንዙን ተከትሎ ሲሄድ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አየ። ከማጠቢያው ላይኛ ወገን ያሉት ግን ደህና ናቸው። ሴቶቹ ልብሱን የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት ያደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በውሃ ቧንቧ ላይ የሚጣበቅ አንድ የዛጎል ዓይነት በእንዶድ ለመግደል የባለቤትነት መብት አወጣ።

አክሊሉ ለማን አመሰግናለሁ፤ ዓይኑ ያየውን ችላ ያላለ ሰው ነው። ግን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ሳየው አንድ ነገር ይጎድላል። ግኝቱ በየመዝገቡ ሲተላለፍ ሳይንቲስቱ ተመዝግቧል፣ ዩኒቨርሲቲው ተመዝግቧል፣ ወንዙም ሳይቀር ተመዝግቧል። የማጠቢያው ድንጋይ ላይ የነበሩት ሴቶች «ሴቶች» ተብለው ብቻ ቀርተዋል። እንዶድን ከቁጥቋጦው ለይቶ፣ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ አረፋ አውጥቶ መጠቀምን ያወቁት እነሱ ናቸው። በገንዘብ ስላልተገዛ ዋጋ አልወጣለትም፤ ዋጋ ያልወጣለት ነገር ደግሞ በእኛ ሙያ ንብረት ተብሎ አይመዘገብም።

የጠርሙሱ ዋጋ ግን በትክክል ይታወቃል፤ የሚያሳዝነው ሁለት ጊዜ መከፈሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በአገራችን በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎበት የተከማቸ ፀረ ተባይ ወደ 3 ሺህ ቶን ይጠጋ ነበር። ከፊሉ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተቀመጠ ነው። በርሜሎቹ ዝገው ያፈሳሉ፤ አንዳንዱ መጋዘን ከመኖሪያ ቤትና ከውሃ ጉድጓድ አጠገብ ነበር። አገር ውስጥ ማስወገድ ስላልተቻለ በባለሙያዎች እየታሸገ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ1,500 ቶን በላይ ወጥቷል። የጽዳቱን ገንዘብ የሰጡት ለጋሽ አገሮች ናቸው። መርዙም ሲገባ ከፊሉ በዕርዳታ የገባ ነበር፤ አንበጣና ተምች በመጣ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ይላክ ነበርና። በዕርዳታ ገብቶ በዕርዳታ ወጣ። ይህን መስመር የምታነቡ የማኅበራችን ደጋፊዎች ካላችሁ፣ ቅር እንዳትሰኙብኝ። የገዛነውን ነገር ማስወገጃ በጀት አብሮ መታሰብ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል፤ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል።

ታሪኩ እዚህ አልቆመም፤ ምክንያቱም ተባዮቹ አልቆሙም። ጓሯችን ውስጥ ካሉት ተክሎች ብዙዎቹ እንግዶች ናቸው። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ቲማቲም፣ ድንች ሁሉም ከአሜሪካ አህጉራት የመጡ ናቸው። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው ይባላል። ተክሉ ሲመጣ የአገሩ ጠላት ሁሉ አብሮት አልመጣም፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ተመቸው። አሁን ጠላቶቹ በንግድና በመጓጓዣ አንድ በአንድ እየደረሱበት ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣችው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ፣ ባለሙያዎች ቱታ የሚሏት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባች፤ በ2012 አካባቢ ስምጥ ሸለቆ የቲማቲም ማሳዎች ውስጥ ተገኘች። አንዷ እናት እስከ 260 ዕንቁላል ትጥላለች። ትሏ የምትኖረው በቅጠሉ ላይኛና ታችኛ ቆዳ መካከል ስለሆነ የሚረጨው መርዝ በላይዋ ያልፋል። ባለጓሮዋ ግን ቅጠሉ ስለነጣ ደግማ ትረጫለች፤ ሦስተኛ ትረጫለች።

መጤው ተምችም እንደዚሁ ነው። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ነው። በዓመቱ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ደረሰ። የእሳት እራቱ በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ስለሚችል ብዙ አልቆየም፤ አገሩን አዳረሰው። በዚያ ዓመት የተደረገውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል፦ ገበሬው፣ ሚስቱ፣ ተማሪው በቆሎ ውስጥ ገብቶ ትሉን በእጁ ለቀመ። መርጫውና መርዙ ለሁሉ እስኪደርስ ድረስ የተያዘው በእጅ ነበር። አንዳንዶች በበቆሎው እምብርት ውስጥ ዐመድና አሸዋ ጨመሩ። የአያቴ ዐመድ በዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መመሪያ ውስጥ ተጽፎ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈገግ አልኩ።

በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገውም መታወቅ አለበት። ናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ የተመሠረተው፣ ያቺን የጎመን ትል ለመቆጣጠር ከታይዋን አንዲት ትንሽ ተርብ አስመጣ። ተርቧ ዕንቁላሏን ትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ ትሉን ከውስጥ በልታ ትወጣለች። ተርቧ በተለቀቀችበት ደጋ አካባቢ የጎመን ገበሬዎች ርጭት መቀነስ ችለዋል። ነገር ግን ተርቧ ከትሏ ይልቅ በመርዝ ቶሎ ትሞታለች። ደጋግሞ የሚረጭ ጓሮ ውስጥ የምትቀረው ትሏ ብቻ ናት።

አሁን ወደ በጀታችን ልመለስ። አባሎቻችን የሚያለሙት ሰፊ ማሳ አይደለም። በግቢ ጥግ፣ በጆንያ፣ በአሮጌ ጎማ ውስጥ የተተከለ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም ነው። ከወጥ ቤቱ በር ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው፤ ሕፃናት የሚጫወቱትም እዚያው ነው። ጠርሙሱ ለዚህ መጠን አልተሠራም። ሙሉውን የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ በሰፈራችን አንዳንድ ሱቆች በውሃ ፕላስቲክ እየቀነሱ ይሸጡታል። ስም የለው፣ መመሪያ የለው፣ የራስ ቅል ምልክት የለው። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይቆረጥ መቆየት እንዳለበት የሚናገረው ጽሑፍ የቀረው ትልቁ ጠርሙስ ላይ ነው። ጠዋት ተረጭቶ ማታ የሚቀቀል ጎመን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የረጨበትን ልብስ የሚያጥበውስ ማን ነው?

የሒሳብ ደብተሩም የሚለው ይህንኑ ነው። ባለፈው ዓመት ከጓሮ አትክልት ቡድኖቻችን በአንዳንዶቹ የርጭት ወጪ ከዘር ወጪ በልጧል፤ ምርቱ ግን ካልረጩት ቡድኖች የተሻለ አልነበረም። ይህ ጥናት አይደለም፤ ያልረጩት ቡድኖች ብዙ ሰዓት ጓሯቸው ውስጥ የሚያሳልፉ ስለሆኑም ይሆናል። ታዲያ ያ ሰዓት ነው ወጪ ተብሎ መታሰብ ያለበት። የእኔ ሐሳብ መስመሩ «የአትክልት ተባይ መከላከያ» ተብሎ ስሙ እንዲለወጥ፣ ገንዘቡም ለችግኝ መሸፈኛ መረብ፣ ለቱታ ወጥመድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቆዩት እናቶቻችን ወጣቶቹን ጓሮ ለጓሮ እየዞሩ ለሚያስተምሩበት አበል እንዲውል ነው። አበሉ እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ክፍያ ይመዝገብ። አንዳንድ የቦርድ አባላት አይስማሙም፤ «አንበጣ ቢመጣስ?» ይላሉ። አንበጣ ከመጣ የሚመለከተው መንግሥት ነው፤ የጀርባ መርጫችን አያቆመውም።

በቤት የሚዘጋጀውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «ከቅጠል የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ መርጨት የሚወዱ አሉ። ኒኮቲን በቆዳ የሚገባ ብርቱ መርዝ ነው፤ ትምባሆ ደግሞ ለቲማቲምና ለበርበሬ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ሊይዝ ይችላል። ብርብራን ወንዝና ኩሬ አጠገብ አትጠቀሙ፤ የዓሣው ነገር ከላይ ተጽፏል። ለጎመን ክሽክሽ ትንሽ የገላ ሳሙና የሟሟበት ውሃ ከቅጠሉ ሥር ማርከፍከፍ ይበቃል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የተረጨው ተባዩን ካልነካ ስለማይሠራ ቅጠሉን መገልበጥ ግድ ነው።

ስትገለብጡት ደግሞ በጥንቃቄ እዩ። ከግራጫዎቹ ክሽክሾች መካከል አንዳንዶቹ አብጠው፣ ደርቀው፣ እንደ ተቆላ ኑግ ሳይሆን እንደ ወርቃማ ገብስ ቀለም ሆነው ቅጠሉ ላይ ተጣብቀው ታገኛላችሁ። እነዚያ ሞተዋል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንዲት ጥቃቅን ተርብ እያደገች ነው። ጥቂት ቀን ብትጠብቁ ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ከፍታ ወጥታ ወደሚቀጥለው ክሽክሽ ትሄዳለች። ያን ቅጠል አትቁረጡት፤ ሳሙናም አታድርጉበት።